የበሽሎ ደራሽና የሩቅ ሰማይ ጅረት

ከስማዳ ደጋ ቁልቁል ወደ በሽሎ ሸለቆ ለተመለከተ ሰው ደራሽ ውሃ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ዝናቡ በላይኛው አገር ይጥላል፤ ታች ያለው መንገደኛ ግን ሰማዩ ጠርቶለት ይሻገራል። ኋላ የተነሣው ፈጣን ውሃ የቀደመውን ዘገምተኛ ውሃ ሲደርስበት እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ያን ግድግዳ በልባችን እንያዘው፤ ታሪካችን በርሱ ላይ ነውና።

ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እናነሣለን። በ1918 ሒበር ከርቲስ የተባለ አሜሪካዊ የከዋክብት ተመራማሪ፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቀው ኤም 87 ከተባለው ጋላክሲ እምብርት አንድ ቀጥ ያለ ጨረር ሲወጣ አየ። ምንነቱን ግን አላወቀም። ጨረሩ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ከሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የሚፈልቅ፣ ፍጥነቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ጅረት መሆኑ ዛሬ ታውቋል። የጥቁር ጉድጓዱም ጥላ በ2019 በሥዕል ታየ።

በጅረቱ ላይ ደማቅ ቋጠሮዎች አሉ። ይህ ሊቃውንቱን አስቸገረ፤ የሚያበሩት ኤሌክትሮኖች ኀይላቸውን ቶሎ ስለሚጨርሱ ከእምብርቱ ሳይርቁ ሊጠፉ ይገባ ነበርና። እንግዲህ በመንገድ የሚያቀጣጥላቸው ምንድን ነው? በ1978 እንግሊዛዊው ማርቲን ሪስ መልስ አቀረበ፤ ኋላ የወጣው ፈጣን ክፍል የፊተኛውን ሲይዘው የግጭት ማዕበል ይነሣል፣ ቋጠሮውም ያ ነው አለ። የበሽሎ ተሻጋሪ ይህን ሰምቶ የሚደነቅ አይመስለንም። በ1985 ደግሞ አለን ማርሸርና ዋልተር ጊር 3ሲ 273 የተባለው ኳሳር በ1983 ያሳየውን ድንገተኛ ድምቀት በዚሁ የግጭት ማዕበል አስረዱ።

የሆነ ሆኖ ጅረቱን በእጅ ይዞ መፈተን አይቻልምና በኮምፒዩተር መቅዳት ግድ ሆነ። ጅረቱን በእጅግ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይመድቡታል፤ በየክፍሉ የገባውንና የወጣውን ቁስ፣ ግፊትና ኀይል ያስባሉ፤ ከዚያ ጥቂት ጊዜ ወደ ፊት ተራምደው እንደገና ያስባሉ። ነገሩ ለጋይንት ሊቃውንት ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህርም አበቅቴን ከዓመት ወደ ዓመት 11 እየጨመረ፣ ከ30 ሲያልፍ 30 እየገደፈ ያስኬዳልና። በ1997 ሆሴ ሉዊስ ጎሜዝና ጓደኞቹ እንዲህ ያለውን ስሌት ከሚታየው ብርሃን ጋር አገናኙት። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ ከጅረቱ ፊትና ኋላ አብሮ ወደ ዐይናችን የሚደርሰው ብርሃን በተለያየ ጊዜ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ይህን የዘነጋ ስሌት ሐሰተኛ ሥዕል ይሰጣል።

በእኛም አገር በእንጦጦ ጣቢያ ንቁ ጋላክሲዎች የምርምር ርእስ ሆነዋል። ስሌቱ በተለይ ትልቅ መነጽር አይጠይቅም፤ ለእስቴ ተማሪም ቢሆን የሚከብደው ሒሳቡንና ኮምፒዩተሩን ማግኘቱ ነው። ሥራም አላለቀም፤ ቋጠሮውን የሚያነደው ግጭቱ ብቻ ነው፣ ወይስ የማግኔት መሥመሮች ተቆርጠው እንደገና መጋጠማቸው? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።