ታማን ነጋራ፦ በዝናብ ደን ውስጥ እያደሩ መጓዝ

ታማን ነጋራ በማሌዥያ ልሳነ ምድር መሐል የሚገኝ፣ 4,343 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የተጠበቀ የዝናብ ደን ነው። ፓሃንግ፣ ክላንታንና ትሬንጋኑ በሚባሉ ሦስት ግዛቶች ላይ ተዘርግቷል። ስሙ በማላይኛ «ብሔራዊ ፓርክ» ማለት ስለሆነ «የታማን ነጋራ ብሔራዊ ፓርክ» የሚሉ ጽሑፎች አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራሉ። በመሪ እየተመሩ፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ ሁለትም ይሁን ሰባት ቀን በደን ውስጥ ለሚያድሩ ተጓዦች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው።

ደኑ እንዲጠበቅ ብዙ የደከመው ቴዎዶር ሃባክ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ሰውየው በመጀመሪያ የትልልቅ አራዊት አዳኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በታሃን ተራራ ዙሪያ 1,300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ለዱር አራዊት ተከለለ። በ1938 ደግሞ የሦስቱ ግዛቶች ሱልጣኖች መሬት ሰጥተው ክልሉ አሁን ወዳለው ስፋት አደገ። ያኔ በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ አምስተኛ ስም ይጠራ ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። የጉብኝት ማስታወቂያዎች «130 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ደን» ማለት ይወዳሉ። ይህ አባባል ዛፎቹን አይመለከትም። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ሰሜኑን ሲሸፍን ይህ አካባቢ ከበረዶ ነፃ ሆኖ፣ ዕፀዋቱም እየተተካኩ ቀጥለዋል ለማለት ነው።

መግቢያው

የተለመደው መንገድ ከኳላ ላምፑር በመኪና ወደ ጄራንቱት ከተማ፣ ከዚያ ኳላ ቴምብሊንግ ከሚባለው ወደብ በረጅም የእንጨት ጀልባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ በቴምብሊንግ ወንዝ ላይ መሄድ ነው። ዛሬ የመኪና መንገድ ስላለ ብዙዎች ጀልባውን ይዘሉታል፤ ያሳዝናል፣ ደኑ ቀስ በቀስ ከሁለት በኩል እየቀረበ የሚመጣው በወንዙ ላይ ነውና። «ኳላ» ማለት ወንዝ ከወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ኳላ ታሃንም የታሃን ወንዝ ቴምብሊንግን የሚቀላቀልበት መንደር ነው። ምግብ ቤቶቹ በውሃው ላይ በተንሳፈፉ ታንኳዎች ላይ ተሠርተዋል፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማዶ ነው፣ በጀልባ ይሻገሩታል። የመግቢያ ፈቃዱ ለብዙ ዓመታት 1 ሪንጊት፣ የካሜራው 5 ሪንጊት ሆኖ ኖሯል።

አጭሩ ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ተጓዦች የሚያድሩት ኬፓያንግ በሳር በሚባል ሰፊ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ከዝናብ ስለሚከልል ድንኳን አያስፈልግም፤ ምንጣፍ ዘርግቶ መተኛት ነው። ግን ባለቤቶች አሉት። ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፎች ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ አይጥና ጃርት የምግብ ፍርፋሪ ፍለጋ ይመጣሉ። ስለዚህ እራት እንዳለቀ ምግቡ ሁሉ ይታሰራል፣ ይሰቀላል።

ረጅሙ ጉዞ ወደ ታሃን ተራራ (ጉኑንግ ታሃን) ጫፍ ነው። ተራራው 2,187 ሜትር ሲሆን የልሳነ ምድሩ ከፍተኛ ቦታ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ቁጥሩ ላያስደንቅ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ጉዞው የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ብዙም ካልራቀ ቆላ ነው፤ ከኳላ ታሃን ደርሶ መልሱም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ በኩል ሰባት ቀን ይመደብለታል። ሜራፖህ ከሚባለው የምዕራቡ በር ግን በሦስት ወይም በአራት ቀን ይሞከራል። ያለ መሪ ወደ ተራራው መውጣት አይፈቀድም።

በኳላ ታሃን በኩል፣ ከሜላንታይ ሰፈር ወደ ፑቴህ ሰፈር የሚወስደው የሁለተኛ ቀን መንገድ በመውጣትና በመውረድ ስሙ የገነነ ነው፤ ተጓዦች 27 ኮረብታ ይቆጥሩበታል። በቀጣዩ ቀን የታሃንን ወንዝ ደጋግሞ መሻገር ይመጣል፤ ውሃው ጭን ከደረሰ ገመድ ይወጠራል። ኳላ ቴኩ ላይ ቆላው ያልቃል፣ ሽቅቡ ይጀመራል። ከዚያ በላይ ዛፎቹ እያጠሩ፣ ግንዶቹ በዛፍ ሽበት እየተሸፈኑ ይሄዳሉ። ጫፉ አካባቢ በሰው ቁመት የቀሩ ቁጥቋጦዎችና ነፍሳትን በቅጠል ጽዋቸው አጥምደው የሚበሉ ተክሎች ይታያሉ። ታች በላብ የሰመጠ ተጓዥ እዚህ ሌሊት ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሹራብ ያልያዘ ይጸጸታል።

መሪውና ውሃው

መሪ የሚቀጠረው መንገድ ለማሳየት ይመስላል፤ መንገዱ ግን በአብዛኛው ግልጽ ነው። ዋናው ሥራው ውሃን ማንበብ ነው። በላይኛው ተፋሰስ የጣለ ዝናብ እታች ፀሐይ እያለ በድንገት ሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ ማላዮች ይህን «ከፓላ አይር»፣ «የውሃ ራስ» ይሉታል። በአማርኛ ደራሽ የምንለው ነው። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ መሪው መሻገር ይከለክላል፤ ግማሽ ቀንም ቢሆን ማስጠበቅ መብቱ ነው። በዚህ ሰዓት ከመሪው የሚከራከር ተጓዥ አይታጣም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የዝናብ ወቅት ወንዞቹ ስለሚሞሉ የተራራው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል።

ማታ ሰፈር ሲመረጥም መሪው አስቀድሞ የሚያየው ወደ ላይ ነው። በደረቀ ቅርንጫፍ ሥር ድንኳን አይተከልም፤ ዝናብ የጠጣ የበሰበሰ እንጨት ነፋስ ሳይነካው ይወድቃልና። ቀጥሎ የወንዙን ዳር ይመለከታል፤ ያለፈው ሙላት የተወው ፍርስራሽ የት ድረስ እንደደረሰ አይቶ ከዚያ በላይ ያሰፍራል። ከገመድ ላይ ሸራ ይወጠራል፣ ከሥሩ አጎበር ያለው ድንኳን ወይም ተንጠልጣይ አልጋ (ሀሞክ) ይታሰራል። ማገዶው እርጥብ ስለሆነ ምግብ የሚበስለው በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው፦ ሩዝ፣ የቆርቆሮ ሰርዲን፣ በጨው የደረቀ ትናንሽ ዓሣ፣ ሻይ። የወንዙ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም።

ልብስን በተመለከተ ልማዱ ሁለት ጥንድ መያዝ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሌላው ሁልጊዜ ደረቅ። ደረቁ የሚለበሰው ለመኝታ ብቻ ነው። ጠዋት የትናንቱን ቀዝቃዛ ልብስ መልሶ መልበስ ከ27ቱ ኮረብታ ይከብዳል፤ ግን «ዛሬስ ደረቁን» ያለ ሰው ማታ ሁለት እርጥብ ይዞ ይተኛል። የውጭ አገር ሰዎች ውድ የቆዳ ቦቲ አጥልቀው ሲመጡ፣ መሪዎቹ በአብዛኛው የሚያደርጉት «አዲዳስ ካምፑንግ»፣ «የገጠር አዲዳስ» የሚባለውን ርካሽ ጥቁር የጎማ ጫማ ነው። ለእኛው ኮንጎ ጫማ የቀረበ ነው፦ ውሃ ይገባዋል፣ ይወጣዋልም፤ ጭቃ ላይ ይይዛል።

አልቅት ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቀው አልቅት ከብት ውሃ ሲጠጣ የሚይዝ ነው። እዚህ ግን በየብስ፣ በወደቀ ቅጠልና በቁጥቋጦ ላይ ቆሞ የሰውን ሙቀትና ትንፋሽ ይጠብቃል። ሲነክስ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ደሙ ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ስለሚለቅ ግን ቁስሉ ለረጅም ሰዓት ይደማል። ተጓዦች ጥቅጥቅ ያለ ረጅም ካልሲ ያደርጋሉ፣ ጨው ወይም ትንባሆ ይቀባሉ። አልቅት በሽታ በማስተላለፍ አይታወቅም። ከእርሱ ይልቅ የሚያሠጉት የአይጥ ሽንት በነካው ውሃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስና ከዝንጀሮዎች ወደ ሰው የሚሻገረው የወባ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል።

የሚሰማና የማይታይ

ዝሆን፣ ታፒር፣ የፀሐይ ድብና ሰላዳንግ የሚባለው ግዙፍ የዱር በሬ በደኑ ይኖራሉ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ነብር» ተብሎ ከራሳችን ነብር ጋር የሚምታታው ባለ ጭረቱ የእስያ ታይገርም አለ፤ በመላው ማሌዥያ የቀሩት ከ150 እንደማይበልጡ ይገመታል። ተጓዡ እነዚህን አያለሁ ብሎ ባይሄድ ይሻላል። የሚያገኘው ዱካ፣ ፋንድያና በጥፍር የተቧጨረ ግንድ ነው። ደኑ ለጆሮ ግን ለጋስ ነው፦ ጠዋት የጊቦኖች ጩኸት፣ ቀን ከራስ በላይ የሚያልፍ ኤርኩም መሰል ወፍ የክንፍ ድምፅ፣ ሲመሽ በአንድ ጊዜ የሚጀምሩ ነፍሳት። ጫካው ውስጥ ጨለማው ከፀሐይ መጥለቂያ ቀድሞ ይመጣል።

በዚህ ደን ውስጥ ከማንም በፊት የኖሩት ባቴክ የሚባሉ፣ እየተዘዋወሩ በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ከደኑ ከሚሰበስቡት ውስጥ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ሁሉ የሚታጠነው ዑድ ይገኝበታል። የሚያድኑት በትንፋሽ በሚነፋ ረጅም ቱቦ ሲሆን፣ የፍላጻው ጫፍ ኢፖህ በሚባል ዛፍ መርዝ ይነከራል። የዚሁ ዛፍ ዝርያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችም ይበቅላል። ጎብኚዎችን በጀልባ እያመጡ ባቴኮችን እሳት ሲያነድዱ የማሳየቱ ልማድ አጠያያቂ ነው፤ ባቴክ የሆነ መሪ ራሱ ስለ ደኑ ሲናገር መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ታሃን የሚሄድ ቡድን ከመነሳቱ በፊት ጓዙ በፓርኩ ጠባቂዎች ፊት ይመዘገባል፦ ቆርቆሮው፣ ባትሪው፣ የብስኩቱ ላስቲክ። ሲመለስም ያው ዝርዝር ይወጣል። ከሳምንት በኋላ በጭቃ የተለወሰ፣ እግሩ ያበጠ ተጓዥ ከጠባቂው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ቆሻሻውን ከከረጢት እያወጣ ያስቆጥራል።