ከሞተ በኋላም የነገሠው ኸሊፋ

በመካከለኛው ዘመን የእስልምና ዓለም የገዥነት ምልክቱ ሁለት ነበር፦ ዓርብ ዓርብ በመስጊድ ኹጥባ ላይ ስም መጠራት፣ በገንዘብ ላይም ስም መቀረጽ። የኮርዶባው ኸሊፋ ዳግማዊ ሂሻም ሁለቱንም አላጣም። ያጣው የቀረውን ሁሉ ነው።

አባቱ አል-ሐከም በ976 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት ልጁ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የዛሬዎቹን ስፔንና ፖርቱጋል አብዛኛውን ክፍል የያዘውን አል-አንደሉስን ሕፃን ገዝቶት አያውቅም። የቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች የሟቹን ወንድም አል-ሙጊራን ለማንገሥ መከሩ፤ ምክራቸው ግን አደባባይ ሳይወጣ አል-ሙጊራ በገዛ ቤቱ ታንቆ ተገደለ። ግድያውን እንዲያስፈጽም የተላከው ሙሐመድ ኢብን አቢ አሚር ነበር።

ይህ ሰው ከአልጄሲራስ አካባቢ ለትምህርት ወደ ኮርዶባ መጥቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እየጻፈ የኖረ ነው። ኋላ የሂሻም እናት የሱብህ ንብረት አስተዳዳሪ ሆነ፤ ከዚያም የገንዘብ መቅረጫውን ቤት ተረከበ። ሂሻም በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐጂቡን፣ ማለትም ዋና ሚኒስትሩን፣ አል-ሙስሐፊን እስር ቤት ከተተው። የገዛ አማቱ፣ ዝነኛው የጦር አዛዥ ጋሊብም በ981 ሲዋጋው ሞተ። ኢብን አቢ አሚር ከዚያ በኋላ አል-መንሱር፣ ማለትም ባለ ድሉ ተባለ። ከኮርዶባ በስተምሥራቅ መዲናት አል-ዛሂራ የምትባል የራሱን ከተማ ሠርቶ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤቶች ወደዚያ አዛወረ።

ኸሊፋው በቤተ መንግሥቱ ቀረ። ለሕዝቡ የተነገረው ራሱን ለጸሎት መስጠቱ ነው። ሽርሽር ሲወጣ እንኳ ማንም እንዳይለየው እንደ ሴት አገልጋዮቹ በካባ ተሸፍኖ በመካከላቸው ይሄድ እንደነበር የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ብዙዎች ሂሻምን ሰነፍና ደካማ ብለው ያልፉታል። እኔ ይህ ፍርድ አይዋጥልኝም፤ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ሰው እንዳያይና ሰውም እንዳያየው ተደርጎ ያደገ ልጅ መንግሥትን ከማን ይማር?

የታገለችለት እናቱ ናት። የባስክ ተወላጇ ሱብህ አል-መንሱርን ከፍ እንዳደረገችው ሁሉ፣ በ996 ልትጥለው ተነሣች። ወርቁን በእንስራ ከትታ፣ ከላይ ማርና ሽሮፕ አስመስላ ከግምጃ ቤት ልታስወጣ እንደሞከረች ይነገራል። አል-መንሱር ነቃባት፤ ግምጃ ቤቱም ወደ እርሱ ከተማ ተጋዘ። ከዚያ በኋላ ኸሊፋው የማዕረግ ልብሱን ለብሶ፣ ከአል-መንሱር ጋር በፈረስ በከተማው መካከል አለፈ። ሕዝቡ ጌታውን ያየው ያን ጊዜ ነው።

አል-መንሱር ሁሉን በእጁ ይዞ ሳለ ለምን ራሱ ኸሊፋ አልሆነም? ከ50 በላይ ዘመቻ መርቷል፤ በ985 ባርሴሎናን ዘርፏል፤ በ997 የሳንቲያጎ ቤተ ክርስቲያንን ደወሎች በምርኮኞች አሸክሞ ወደ ኮርዶባ አስመጥቷል። ይህ ሁሉ የተደረገው ግን በሂሻም ስም ነው። ኸሊፋነት የነቢዩ ሙሐመድ ነገድ የቁረይሽ ዘር መብት እንደሆነ፣ የኮርዶባም ሰው ከሂሻም ዘር፣ ከኡመያ ቤት፣ ውጪ እንደማይቀበል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዐረቦቹን፣ በርበሮቹንና ስላቮቹን በአንድ ሠራዊት ያቆማቸው እርሱ ያሰረው ሰው ስም ነበር።

ይህ ግን ከአል-መንሱር ሞት በኋላ ሥልጣን ለያዘው ልጁ ለዐብዱረሕማን፣ በቅጽል ስሙ ሳንቹዌሎ፣ አልገባውም። በ1008 ሂሻምን አስገድዶ አልጋ ወራሽነቱን አስጻፈ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሰሜን ሲዘምት ኮርዶባ ተነሣች። ሂሻም ዙፋኑን አል-ማህዲ ለተባለ ዘመዱ ለቀቀ፤ መዲናት አል-ዛሂራ ተዘርፋ ፈረሰች፤ ሳንቹዌሎም በመንገድ ተይዞ ተገደለ። አል-ማህዲ በበኩሉ ሂሻምን የሚመስል ሬሳ አስገንዞ፣ ኸሊፋው ሞተ ብሎ አስቀበረ።

በ1010 «ሟቹ» ከተደበቀበት ወጥቶ እንደገና ነገሠ። በርበሮች በ1013 ኮርዶባን ሲይዙ ግን ጠፋ፤ የተገደለ ይመስላል። በ1031 የኮርዶባ ሹማምንት ኸሊፋነቱን ራሱን ሻሩት።

ስሙ ግን ፈላጊ አላጣም። በ1035 የሴቪልያው ቃዲ አቡል-ቃሲም ኢብን ዐባድ «ሂሻም በሕይወት ተገኝቷል» ብሎ ዐወጀ። አገኘሁት ያለው መልኩ ሂሻምን የሚመስል ምንጣፍ ሠሪ እንደነበር ይነገራል። አባቱ የአል-መንሱር ሚኒስትር የነበረው ታላቁ ሊቅ ኢብን ሐዝም ይህን ከዘመኑ ታላላቅ ውርደቶች ቆጥሮታል። ሆኖም የሴቪልያ ገዥዎች ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ በዚህ ስም ገዙ። የቃዲው ልጅ አል-ሙዕተዲድ የኸሊፋውን ሞት ለሕዝብ የነገረው በ1060 ገደማ፣ መንግሥቱ በራሱ ክንድ ከጸና በኋላ ነው። ሂሻም በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት አልፎት ነበር።