መሥሪያ ቤቱ የት ነው? ከደጅ ጥናት እስከ አድራሻ ንባብ



ፊደል ቆጥራችኋል። ቃል ከቃል ማያያዝ ችላችኋል። እንግዲህ ዛሬ ያንን ችሎታ ይዘን አብረን ወደ ወረዳ እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪክ እናያለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጉዳይ ሲገጥማቸው መንግሥትን የት ያገኙት ነበር? ዛሬስ እኛ የት እናገኘዋለን? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

በመካከለኛው ዘመን ንጉሡ ለብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር። ከነሠራዊቱ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል። ድንኳኑ በተተከለበት ቦታ መንግሥት አለ። ድንኳኑ ሲነቀል መንግሥትም ይነሣል። በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ሲቀመጡ ቋሚ የሆነ የነገሥታት ከተማ እንደገና ታየ። ያኔም ቢሆን ተራው ሰው የሚያነበው አድራሻ አልነበረውም። የተበደለ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ግቢው ይሄዳል። ንጉሡ ሲያልፉ «ጃንሆይ! ጃንሆይ!» ብሎ ይጮሃል። ሰሚ ካገኘ ተመስገን ነው። ካላገኘ ደጅ ይጠናል።

ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በሹም ደጃፍ ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ዓመት መቆየት ማለት ነው። ስንቁ ያለቀበት ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። እርሻው ጦም ያድራል። ልጆቹ ይራባሉ። ዘመድ ያለው በዘመድ ይገባል፤ እጅ መንሻ ያለው በእጅ መንሻ ይገባል። ምንም የሌለው በደጅ ይቀራል።

በየመንደሩ ደግሞ ጭቃ ሹም ነበረ። ግብር የሚያሰባስብ፣ የበላይን ትእዛዝ ለገበሬው የሚያደርስ እሱ ነው። አዋጅ ሲወጣ በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባላል። ልብ በሉ! የዚያን ጊዜ ሕግ በጆሮ የሚሰማ ነበር። በዕለቱ ገበያ ያልወጣ ሰው አዋጁን የሚያገኘው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ያ ሰው ቢጨምርበት ወይም ቢቀንስበት ማወቂያ የለውም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ፖስታ ተጀመረ። አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ የስልክ መስመርም ተዘረጋ። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ስሙን አያችሁት? ቀድሞ በገበያ ይጎሰም የነበረው ነጋሪት ወደ ወረቀት ገባ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአገር አስተዳደር ደንብ ወጣ። አገሪቱም በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። እያንዳንዱም ገዥ ተሾመለት። ጸሐፊና መዝገብም ነበረው።

ታዲያ ነገሩ ለገበሬው ቀለለት ወይ? ሙሉ በሙሉ አልቀለለም። መንግሥት ጽሑፍ ሆነ፤ ገበሬው ግን ማንበብ አልተማረም። ስለዚህ በገበሬውና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ሌላ ሰው ገባ። ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ አለ። ለሰው ጉዳይ የሚሟገት ነገረ ፈጅ አለ። «እኔ ሰው አውቃለሁ፣ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚም አለ። ከነዚህ መካከል ቅን ሰዎች ነበሩ። ያለ እነሱ መብቱን የማያገኝ ብዙ ሰው ነበር። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሰው ቅኑን ከአታላዩ በምን ይለየዋል? የተጻፈለትን አያውቀውም። በአውራ ጣቱ ቀለም ነክቶ ይፈርማል። የፈረመበት ወረቀት መሬቱን የሚያስከብር ይሁን የሚያስወስድ፣ የሚያውቀው ሌላው ሰው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። በዚህ አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። አንድ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ፣ በሚሆን መሬት ላይ እንዲቆም ተደነገገ። ማኅበሩ የራሱ መሪዎችና የፍርድ ሸንጎ ነበረው። በዚህም ምክንያት የመንግሥት ደጃፍ ወደ መንደር ቀረበ። በኋላም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ብዙ ሽማግሌና ብዙ ባልቴት ስማቸውን በእጃቸው መጻፍ የቻሉት ያኔ ነው።

ስሞቹ ግን እንደገና ተለወጡ። ጠቅላይ ግዛት የነበረው ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ክልል አለ፤ በብዙ ቦታ ከክልል በታች ዞን፣ ከዞን በታች ወረዳ፣ ከወረዳ በታች ቀበሌ አለ። አውራጃ ቀረ። ወረዳ የሚለው ስም ግን ከ1934ቱ ደንብ ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙ በጀትና ብዙ ሥራ ወደ ወረዳ ወረደ። ዛሬ ገበሬው መሬት፣ ግብር፣ ማዳበሪያ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ብሎ የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር ወረዳ ላይ ነው የሚገኘው።

ክልሎችም ጨምረዋል። በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ። ይህ ለባለጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ በደቡብ ክልል ሥር የነበረ ሰው የክልል ጉዳይ ሲኖረው ሐዋሳ ይሄድ ነበር። ዛሬ የከፋ ወይም የዳውሮ ገበሬ ሐዋሳ ቢሄድ የሚያስተናግደው አያገኝም። የደቡብ ምዕራብ ክልል አካላት ደግሞ በአንድ ከተማ ብቻ አይደሉም፤ በቦንጋ፣ በታርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ተከፋፍለዋል። እንግዲህ ሳይጠይቅና ሳያነብ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ምን ይሆናል? ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል።

ጊዜ ስንል ቀልድ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል። ፍርዱ ሰኔ 1 ቀን ተሰጠ እንበል። ሐምሌ ሲያልቅ ጊዜው አብሮ ያልቃል። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የእርሻ ወር ነው፤ ዝናብ ነው፤ ወንዝ ይሞላል። ባለጉዳዩ ትክክለኛውን በር ሲፈልግ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ፣ ቀኑ ቆሞ አይጠብቀውም። መሬቱ የእሱ ሆኖ ሳለ በቀን ቁጥር ሊያጣው ይችላል።

እንግዲህ ወረዳ ደርሰናል። በሩ ላይ ቆመናል። እስቲ ሰሌዳውን አብረን እናንብብ። «ግብርና ጽ/ቤት» ይላል። ይህች «ጽ/ቤት» የምትባለው ቃል ብዙ አዲስ አንባቢ ታደናግራለች። ያጠረች ስለሆነች ነው። ሲዘረዘር «ጽሕፈት ቤት» ይሆናል። ጽሕፈት ማለት መጻፍ ነው፤ ስለዚህ የሚጻፍበት ቤት ማለት ነው። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። በዚህ ቤት ውስጥ የተጻፈ ነገር ይኖራል፤ ያልተጻፈ ይረሳል።

ሌሎችም ያጠሩ ቃላት አሉ። «ፖ.ሣ.ቁ.» ማለት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። «ስ.ቁ.» ማለት ስልክ ቁጥር ነው። እነዚህን የምታገኟቸው የት ነው? ከመሥሪያ ቤቱ በደረሳችሁ ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤውን አውጡና ራስጌውንና ግርጌውን ተመልከቱ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ብዙ ጊዜም ስልኩና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ እዚያ ታትሟል። በቀኝ በኩል «ቁጥር» እና «ቀን» ይላል። ያ ቁጥር የጉዳያችሁ ስም ነው በሉት። መዝገብ ቤት ስትሄዱ «የእገሌ ልጅ እገሌ ነኝ» ከማለት ይልቅ «የደብዳቤዬ ቁጥር ይህ ነው፣ ቀኑም ይህ ነው» ብትሉ ፋይሉ ቶሎ ይገኛል። ከታች «ግልባጭ» የሚል ካለ ደግሞ ደብዳቤው ለየትኞቹ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንደተላከ ይነግራችኋል። በአንዱ በር ቢጠፋ በሌላው ይገኛል ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ለብዙ ገበሬ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተርም አድራሻ አለበት። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ በተራ ይሄዳል። የአባታችሁ አሮጌ ወረቀት ካለ ደግሞ አውራጃ፣ ክፍለ ሀገር፣ ወይም የገበሬ ማኅበር ይል ይሆናል። ወረቀቱን «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ አትጣሉት። በቅድሚያ ለቀበሌያችሁ አሳዩና «ይህ ቦታ ዛሬ በየትኛው ወረዳ ሥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገራችን የስልክ ቁጥሮች ተለውጠዋል። ዛሬ አንድ ሙሉ ቁጥር ዐሥር አኃዝ አለው። በመደበኛ ስልክ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አካባቢውን ይናገራሉ። 011 አዲስ አበባ ነው፤ 058 ባሕር ዳርና ጎንደር፤ 033 ደሴ፤ 046 ሐዋሳ፤ 047 ጅማ። ስለዚህ ከ1998 በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ያለ አጭር ቁጥር ቢደወል አይሠራም። «ስልኩን ዘጉብኝ» ብላችሁ አትዘኑ፤ አዲሱን ጠይቁ። ለእርሻ ምክር ደግሞ በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለ የስልክ አገልግሎት ለገበሬዎች ተከፍቷል።

መጠየቅ ልመና አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘትን መብት ደንግጓል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ስለ ሥራቸውና ስለ አደረጃጀታቸው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋምም በአስተዳደር የተበደለን ሰው አቤቱታ ይቀበላል። ለምሳሌ አንዲት እናት በወረዳው በር ላይ «ወንድሜ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ እንበል። ዘበኛው «እናቴ፣ ዛሬ ኃላፊው የሉም፣ ነገ ይመለሱ» ቢላቸው፣ እኚህ እናት ዝም ብለው አይመለሱም። «እሺ ወንድሜ፣ ኃላፊው ከሌሉ ማመልከቻዬን መዝገብ ቤት አስገባለሁ» ይላሉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘዋል። አንዱን ይሰጣሉ። በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይዘው ይሄዳሉ። «አልመጣሽም» የሚላቸው ቢኖር የሚያሳዩት ወረቀት አላቸው።

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ብዙ ወላጆች የወረዳ ደብዳቤ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ «መምህር፣ እስቲ አንብብልኝ» ይላሉ። አነብላቸዋለሁ፤ ደስም ይለኛል። ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን ደብዳቤውን ራሳቸው አንብበው «መምህር፣ ትክክል አንብቤዋለሁ?» ያሉኝ ዕለት ነው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። አምስት መስመር ጻፉ። በመጀመሪያው የክልላችሁን ስም፣ በሁለተኛው ዞናችሁን፣ በሦስተኛው ወረዳችሁን፣ በአራተኛው ቀበሌያችሁን ጻፉ። በአምስተኛው መስመር የቀበሌያችሁን ጽሕፈት ቤት ስልክ ጻፉ። የማታውቁት ካለ ቦታውን ክፍት ተዉት። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ወደ ቀበሌ ጎራ በሉና ጠይቃችሁ ሙሉት። ቁጥሩን ሌላ ሰው አይጻፍላችሁ፤ እሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ። ከዚያም መልሳችሁ አንብቡለት። ጎረቤታችሁ ገና ማንበብ ያልጀመረ ከሆነም፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ እንደተባለው፣ ያነበባችሁ ላላነበበው አንብቡለት።

በሚቀጥለው ትምህርታችን ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ እናያለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።