የልጃገረድ ዋጋ

ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ በክስ አልጀመረም፤ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ በታሪኩ ባለጠጋ ላይ ከፈረደ በኋላ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ተረዳ። በደቡብ ሕንድም ቴሉጉ በሚናገር ሕዝብ መካከል በዚሁ መንገድ የሄደ አንድ ጸሐፊ ነበረ።

ጉራጃዳ አፓራኦ ይባላል፤ የቪዚያናጋራም ከተማ ሰው ነው። በዘመኑ በአካባቢው ከነበሩ የብራህማን ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሴት ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ገንዘብ ተቀብለው ይድሩ ነበር። የአገሩ ማሃራጃ ባሠራው መዝገብ በ3 ዓመት ውስጥ 1,034 እንዲህ ያሉ ጋብቻዎች ተቆጠሩ። ከሙሽሮቹ 99ኙ የ5 ዓመት፣ 3ቱ ደግሞ የ1 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሽማግሌ ባሏ የሞተባት ልጅ ዳግመኛ ማግባቷ ነውር ስለነበር ዕድሜዋን ሁሉ መበለት ሆና ትኖራለች።

አፓራኦ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ መድረክ ይደርስለታል ብሎ «ካንያሱልካም» የተባለ አስቂኝ ተውኔት ጻፈ፤ ትርጉሙ «የልጃገረድ ዋጋ» ማለት ነው። ተውኔቱ በ1892 እ.ኤ.አ. ለመድረክ በቃ። የተጻፈውም ሰው በየቤቱ በሚናገረው ቴሉጉ ነበር።

በታሪኩ አንድ ስግብግብ አባት ትንሿን ልጁን ለንፉግ ሽማግሌ ሊድር ይዋዋላል። አጎቷ ግን ወንድ ተማሪውን እንደ ሙሽራ አልብሶ ቀድሞ ለሽማግሌው ይድርለታል። በዚህ የረዳችው ሰው ሁሉ እንደ ጋለሞታ የሚንቃት ማዱራቫኒ ናት። ውሽማዋ ጊሪሳም ደግሞ ስለ መበለቶች መብት በእንግሊዝኛ እያጣፈጠ ይሰብካል፤ በጓዳ ግን የልጅቷን መበለት እኅት ያማልላል።

በ1955 እ.ኤ.አ. ፒ. ፑላያ ተውኔቱን ፊልም አደረገው። በኋላ የአንድራ ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር የሆነው ኤን. ቲ. ራማ ራኦ ጊሪሳምን፣ ሳቪትሪ ማዱራቫኒን ሆነው ተጫወቱ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሳቅ አዲስ ተመልካች አገኘ።

በአባቱ መሳቅ ቀላል ነው። ጊሪሳም ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ወደ እኛ ይዞራል። በሀገራችን ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅ ዛሬም አለች። ስለ እርሷ በወጣቶች ጉባኤ ላይ አሳምረን መናገር እንችልበታለን። በተውኔቱ ውስጥ ልጅቷን ያተረፋት ግን የጊሪሳም ንግግር አልነበረም፤ የተናቀችው ሴትና የአጎቷ ሥራ ነው። ውድ ወጣቶች፣ በሰፈራችን ለጋብቻ የታጨች ተማሪ ብትኖር እኛ ከማን ወገን እንገኛለን?