በቨርጂኒያ ግዛት አጋዘንን በቀስት ለሚያድኑ፦ ተንቀሳቃሽ የማድፈጫ ድንኳን አጠቃቀም

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የአጋዘን የቀስት አደን ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ማለትም የመስቀል በዓል ባለፈ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ነው። ወቅቱ የጠመንጃ አደን እስከሚጀመርበት እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘልቃል። ይህ መረጃ በግዛቷ ለሚኖሩና በአደኑ ለመሳተፍ ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ትኩረቱም በመሬት ላይ በሚተከለው ተንቀሳቃሽ የማድፈጫ ድንኳን ላይ ነው። በዚህ ድንኳን የሚጠቀም አዳኝ ከሌሎች አዳኞች ዓይንም የተሰወረ በመሆኑ፣ የአጠቃቀሙን ደንብ አለማወቅ ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በአማርኛ አጋዘን የሚለው ስም በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ለሚገኘው ባለ ጠምዛዛ ቀንድ እንስሳ የተሰጠ ነው። እዚህ የሚነገርለት ባለ ነጭ ጅራቱ የአሜሪካ አጋዘን ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ቀንድ የሚያበቅለው በአመዛኙ ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ቀንዱም ቅርንጫፍ ያለውና በየዓመቱ ወድቆ እንደገና የሚያድግ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ዜጎች እንስሳውን በዚሁ ስም መጥራት ስለለመዱ ጽሑፉም ይህንኑ ተከትሏል።

ፈቃድ

የአደን ፈቃድ በኤምባሲም ሆነ በቆንስላ ጽሕፈት ቤት አይሰጥም። ፈቃዱን የሚሰጠው የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ ነው። አመልካቹ ከመሠረታዊው የአደን ፈቃድ በተጨማሪ አጋዘንን የሚመለከተውን ፈቃድና፣ በቀስት ወቅት ለሚያድን የሚጠየቀውን የቀስት ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። በጆርጅ ዋሽንግተንና በጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች ውስጥ ለማደን ደግሞ የብሔራዊ ደን ፈቃድ ይጨመራል። ከዚህ ቀደም የአደን ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አስቀድሞ የአዳኞችን የደኅንነት ትምህርት ማጠናቀቅ አለበት።

በፌደራሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ቀስት እንደ ጠመንጃ አይቆጠርም። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ ማደን፣ ወይም በሰው መሬት ላይ ያለ ባለቤቱ ስምምነት መገኘት በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ዓይነት ክስ ቢቀርብበት፣ ጥፋቱን ከማመኑና ቅጣቱን ከመክፈሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይበጀዋል። በቨርጂኒያ በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር ቋሚ ላይ ቁልቁል የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ትርጉም ስላለው፣ ጽሑፍ አላየሁም ማለት መከላከያ አይሆንም።

የድንኳኑ ባሕርይ

በስፋት የሚሸጠው ዓይነት፣ ግድግዳዎቹና ጣሪያው መሐል ላይ ተጎትተው ወደ ውጭ ሲወጠሩ የሚቆም፣ በጀርባ የሚታዘል የጨርቅ ድንኳን ነው። ልምድ ያለው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተክለዋል። መልሶ ማጣጠፉ ግን ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጫካ ከመግባት በፊት በቤት ግቢ ውስጥ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ውስጡ ጥቁር ሲሆን፣ በዙሪያው የሚከፈቱና የሚዘጉ መስኮቶች አሉት።

ሌላው የተለመደ አማራጭ የዛፍ ማማ ነው። በአሜሪካ አዳኞች ላይ ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች ብዙዎቹ ከዛፍ ማማ መውደቅ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ድንኳኑ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ ወይም ልጅ ይዘው ለሚወጡ ሰዎች የተሻለ ነው። ሆኖም አንዳንድ የካውንቲ ፓርኮች በሚያካሂዱት የቀስት አደን መርሐ ግብር ከማማ ላይ ብቻ እንዲታደን ያስገድዳሉ። ስለዚህ ድንኳን ከመግዛት በፊት የቦታውን ደንብ መጠየቅ ወጪን ያድናል።

ቦታ መምረጥና መትከል

አጋዘን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያምነው አፍንጫውን ነው። በመሆኑም ድንኳኑ የሚተከለው ነፋሱ እንስሳው ይመጣበታል ተብሎ ከሚጠበቅበት አቅጣጫ ወደ አዳኙ በሚነፍስበት ቦታ ነው። በተዳፋት መሬት ላይ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ አየር ወደ ላይ፣ ምሽት ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ለጠዋት የተመቸ ቦታ ለማታ ላይሆን ይችላል። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ወደ መስኮቱ የምትገባበት አቅጣጫም አይመረጥም፤ ብርሃኑ አዳኙን ያጋልጣልና።

አጋዘን የሚኖርበትን ጫካ እንደ ቤቱ ያውቀዋል። ትናንት ያልነበረ አራት ማዕዘን ነገር ዛሬ ቆሞ ሲያይ ይጠራጠራል፤ አንዳንዴም በፊት እግሩ መሬቱን እየደቃ ይሸሻል። ስለዚህ የባለ መሬቱ ፈቃድ ካለ ድንኳኑን ከአደኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መትከል ይመከራል። ይህ ካልተቻለ በቁጥቋጦ ወይም በወደቀ ግንድ ፊት ለፊት አስጠግቶ፣ ጣሪያውንና ማዕዘኖቹን በአካባቢው በሚገኝ ደረቅ ቅርንጫፍና ሣር መሸፈን ያስፈልጋል። ዋናው ነገር የድንኳኑን ቀጥ ያለ ጠርዝ መስበር ነው። ለዚህ ተብሎ የቆመ ዛፍ መቁረጥ ግን በሕዝብ መሬት ላይ አይፈቀድም። ካስማዎቹንና ገመዶቹን ሁሉ ማሰር የግድ ነው፤ ያልታሰረ ድንኳን በነፋስ ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል።

በድንኳኑ ዙሪያ በቆሎ ወይም ሌላ መኖ በትኖ እንስሳ መሳብ በቨርጂኒያ ሕገ ወጥ ነው። ከእንስሳው የተወሰደ የሽንት መዓዛም፣ የአጋዘንን አእምሮ የሚያጠቃው አመንማኝ በሽታ እንዳይዛመት ሲባል፣ ለአደን መጠቀም ተከልክሏል።

ብርቱካናማው ጨርቅ

በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት በተከለለ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚያድን ሰው፣ ቢያንስ 100 ስኩዌር ኢንች ስፋት ያለው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ጨርቅ በድንኳኑ ላይ ወይም ከበላዩ አድርጎ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ ማድረግ እንዳለበት የግዛቱ ሕግ ይደነግጋል። አዳኙ ቀስት የያዘ መሆኑ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርገውም፤ ምክንያቱም አደጋው የሚመጣው ከእርሱ ቀስት ሳይሆን ከሌላው ጥይት ነው። ድንኳኑ የተሠራው እንዳይታይ ነውና፣ ከማዶ ያለ ጠመንጃ ያዥ ከጀርባው ሰው መኖሩን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለም።

በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ የሚፈቀድበት ወቅት ከዋናው የጠመንጃ ወቅት ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ፣ ከቀስቱ ወቅት መጨረሻ ጋር ተደራርቦ ስለሚጀመር፣ ጨርቁን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መስቀል አስተዋይነት ነው። ጨርቁ እንስሳውን ያስደነግጣል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። አጋዘን ብርቱካናማና ቀይን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ይልቁንም በደንብ የሚያየው ሰማያዊን ነው። ሰማያዊ ጂንስ ለብሶ ብርቱካናማውን ጨርቅ የሚፈራ አዳኝ ነገሩን ገልብጦታል።

ከድንኳኑ ውስጥ

አዳኙ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ፊቱንና እጁን ሸፍኖ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ወደ ኋላ ይቀመጣል። የሚከፈቱት ከፊት ያሉት መስኮቶች ብቻ ናቸው፤ የኋላው ከተከፈተ የሰውየው ጥላ በብርሃኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወለሉ ላይ ያለው ደረቅ ቅጠል ተጠርጎ አፈሩ ይገለጣል፤ በጸጥታ ውስጥ የአንድ ቅጠል ኮሽታ ሩቅ ይሰማል። ወንበሩ የማይንጫጫ፣ ቁመቱም ቀስቱ ሲሳብ ጫፉ ጣሪያውን ወይም መሬቱን የማይነካበት መሆን አለበት። ቆሞ ብቻ የተለማመደ ሰው ተቀምጦ ሲስብ የተለየ ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ልምምዱን በዚያው ወንበር ላይ ማድረግ ይገባዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። የቀስቱ ማነጣጠሪያ ከፍላጻው ጥቂት ኢንች ከፍ ብሎ የተገጠመ ነው። ስለዚህ አዳኙ በማነጣጠሪያው ውስጥ እንስሳውን አጥርቶ እያየ፣ ፍላጻው ግን ከመስኮቱ በታች ካለው ጨርቅ ጋር ሊላተም ይችላል። ከመቀመጥ በኋላ ቀስቱን ስቦ ፍላጻው በየትኛው የመስኮቱ ክፍል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይህን ያስቀራል። መስኮቱ በመረብ የተሸፈነና በመረቡ ውስጥ ለመወርወር የተሠራ ከሆነም ጥቅም ላይ የሚውለው ቋሚ ስለት ያለው ፍላጻ ብቻ ነው። ዒላማን ሲመታ የሚዘረጋው የስለት ዓይነት መረቡን ሲነካ ሊከፈትና አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። የስለቱ ስፋት በቨርጂኒያ ሕግ ከ7/8 ኢንች ማነስ የለበትም።

በቅዝቃዜ ወቅት በጋዝ ወይም በከሰል የሚሠራ ማሞቂያ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ማቀጣጠል ሽታ በሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ስለሚገድል ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ለሳምንታት ተተክሎ የቆየ ድንኳን ውስጥ ሲገባም እባብ መኖር አለመኖሩን በባትሪ ማየት፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ የላይም በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር እንዳይኖር ሰውነትን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ፍላጻው ከመለቀቁ በፊትና በኋላ

በድንኳን አደን ተስማሚው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሜትር ነው። ፍላጻ ከማማ ላይ ሲወረወር ቁልቁል ሄዶ መሬት ላይ ይተከላል። ከድንኳን ሲወረወር ግን አግድም ስለሚጓዝ፣ እንስሳውን አልፎ ወይም ስቶ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ከእንስሳው በስተጀርባ መንገድ፣ ቤት ወይም ሰው ሊኖር የሚችል ከሆነ አለመወርወር ነው።

የሚወረወረው እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ወይም በትንሹ ጀርባውን አዙሮ ሲቆም ብቻ ነው። ዒላማውም ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ግርጌ የአካሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ያለው የሳንባና የልብ ስፍራ ነው። ፊት ለፊት ወደ ድንኳኑ የሚመጣ አጋዘን ምንም ያህል ቢቀርብ እስኪዞር ይጠበቃል።

ከተመታ በኋላ ወዲያውኑ ተከትሎ መሮጥ እንስሳውን ያርቀዋል። ደሙ አረፋ ያለውና ፈካ ያለ ቀይ ከሆነ ሳንባ የተመታ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበቃል። ደሙ ጠቆር ያለና የሣር ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ጨጓራ ወይም አንጀት ስለተመታ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። በገመድ የተያዘ የመከታተያ ውሻ መጠቀም በቨርጂኒያ ይፈቀዳል። ፈለጉ ወደ ሌላ ሰው መሬት ከገባ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ሲሆን፣ የተገደለው እንስሳም በዚያው ዕለት በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለመምሪያው ይመዘገባል።

ሥጋው

የአጋዘን ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ ተደርጎ፣ ለቁርጥም ሆነ ለክትፎ፣ መበላት የለበትም። የአሜሪካ አጋዘን ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ተሕዋሱ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለፅንሱ አደገኛ ነው። ሥጋው ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ሲዘጋጅም ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። አመንማኙ በሽታ በታየባቸው፣ ፍሬድሪክን በመሳሰሉ ካውንቲዎች የሚያድን ሰው፣ አንጎልንና የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰርን ሳይነካ መበለት፣ ሥጋውንም መምሪያው ባዘጋጀው አሠራር አስመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ማቆየት ይኖርበታል። በፍላጻ የተገደለ እንስሳ ሥጋ ስለመብላት ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያለው ሰው አስቀድሞ የየእምነቱን አባቶች ቢጠይቅ ይመረጣል። የመጀመሪያው የቀስት ወቅት ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት የሚያበቃ በመሆኑ ጿሚ ቤተሰቦች ሥጋውን እስከ ገና በማቀዝቀዣ ማቆየት ይችላሉ።

ወቅቱ ሲያበቃ ድንኳኑ ከሕዝብ መሬት ላይ ይነሣል። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ስለሚሻግት፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ሽታ በሌለበት ቦታ ይቀመጣል። በየዓመቱ የወቅቱ ቀኖችና የካውንቲው ገደቦች ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ አዳኙ ፈቃዱን ሲያድስ የዓመቱን የአደን ደንብ መጽሐፍ ከመምሪያው ድረ ገጽ ማግኘት ይችላል።