«አክሲየም»፦ የማያከራክር እውነት የተባለው ቃል ታሪክ

ለጂኦሜትሪ ተማሪዎች «አክሲየም» ለተባለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍቺ «ማረጋገጫ የማያሻው፣ የማያከራክር እውነት» የሚል ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት ነው ባይባልም፣ ቃሉ ካሳለፋቸው ዘመናት የአንዱን ትርጉም ብቻ የያዘ ነው።

የቃሉ ሥር ግሪክኛ ሲሆን፣ «ተገቢ» ወይም «ዋጋ ያለው» ከሚል ቅጽል የወጣ ነው። ስለዚህ በሥርወ ቃሉ መሠረት አክሲየም ሊቀበሉት የተገባ ሐሳብ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ኤውክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ መነሻዎቹን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ ይኸውም ሰው ሁሉ የሚቀበላቸው የጋራ አስተሳሰቦችና «ይሁን» ተብለው የሚጠየቁ ናቸው። በኋላ ዘመን የመጡ መምህራን ሁለቱንም አክሲየም በማለት ስለቀላቀሏቸው፣ በልመና የገባው ሁሉ እንደ ተረጋገጠ እውነት ተቆጠረ።

ከነዚህ መካከል ብዙ ያነጋገረው የትይዩ መስመሮች ድንጋጌ ነው። ከአንድ መስመር ውጭ ባለ ነጥብ ላይ ለዚያ መስመር ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ሊያልፍ ይችላል የሚለው ይህ ሐሳብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተጠራጠረው አልነበረም፤ ሊቃውንቱ የደከሙት ከሌሎቹ ድንጋጌዎች አውጥተው ለማረጋገጥ ነበር። ሎባቼቭስኪ በካዛን እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሀንጋሪያዊው ቦያይ ደግሞ በ1832 ይህን ድንጋጌ ትተው ሌላ ጂኦሜትሪ አቀረቡ። ጣሊያናዊው ቤልትራሚ በ1868 አዲሱ ጂኦሜትሪ ከአሮጌው የበለጠ ተቃርኖ እንደማይኖርበት አሳየ። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም ከሂልበርት የ1899 መጽሐፍ በኋላ፣ ለሒሳብ ሊቃውንት አክሲየም ማለት ስምምነት የተደረገበት መነሻ ሆነ።

በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ከሒሳብ መጽሐፍ ውጭም ሥራ ነበረው። ጄፈርሰን የ1776ቱን የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ሲያረቅ ሰዎች እኩል ሆነው መፈጠራቸውን ከሚገልጸው ሐረግ በፊት «ቅዱስና የማይካድ» የሚል ቃል ጽፎ ነበር፤ በእርማት ጊዜ «በራሱ ግልጽ» በሚለው፣ የጂኦሜትሪ ሽታ ባለው አነጋገር ተተካ። አርቃቂው ራሱ ባሪያዎች ይገዛ የነበረ መሆኑ አይዘነጋም። በ1854 የኢንዲያናው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ፔቲት ይህንኑ ሐረግ በራሱ ግልጽ የሆነ ውሸት ነው እስከማለት ደረሰ።

የኤውክሊድን መጽሐፍ በግሉ ያጠናው ሊንከን በ1859 በጻፈው ደብዳቤ የጄፈርሰንን መሠረታዊ ሐሳቦች የነፃ ኅብረተሰብ አክሲየሞች ሲል ጠርቷቸዋል። እነዚህን የሚክድን ሰው ማሳመን የኤውክሊድን መነሻዎች ለሚክድ ጂኦሜትሪ እንደማስተማር መሆኑንም አስረድቷል። እርሱ ይህን በሚጽፍበት ጊዜ ሎባቼቭስኪ የኤውክሊድን ድንጋጌ ከተወ 30 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወሬው ግን ከጥቂት ሊቃውንት አላለፈም።

የእርስ በርሱ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ በ1863 በጌቲስበርግ መቃብር ሥፍራ ንግግር ሲያደርግ ሊንከን ስለዚያው እኩልነት አክሲየም የሚለውን ቃል አልተጠቀመም። የመረጠው «ፕሮፖዚሽን» የሚለውን ነው። ይህም በእንግሊዝኛው የኤውክሊድ ትርጉም ማረጋገጫ እንዲቀርብለት ለሚጠበቅ ሐሳብ የሚሰጥ ስም ነው።