ሰዓቱ እስኪደውል

የባንክ ሠራተኛ ኑሮው ከሰዓት ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ አመሻሽ ላይ ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ ዐይኔ ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም። የሚያሳፍረኝ ግን ማታ ለጸሎት ስቆም ይኸው ዐይን አብሮኝ መቆሙ ነው። ከንፈሬ ይደግማል፤ ልቤ የቀኑን ጉድለት ይፈልጋል። አንድ ሰሞንማ «እንዲህ ያለው ጸሎት ከሚቀርብ ቢቀር ይሻላል» ብዬ ጨርሼ ተውኩት። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

የአቪላዋን ቅድስት ቴሬዛን ታሪክ ያነበብኩት በዚያን ሰሞን ነው። ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1515 በእስፓኝ ተወለደች፤ በ1535 በአቪላ ከተማ ወደሚገኝ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባች። በ1539 በጽኑ ሕመም ለአራት ቀናት ያህል ራሷን ስታ መቃብሯ ሳይቀር ተቆፍሮላት ነበር። ከሞት የተረፈችው ይህች መነኩሲት ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት ለበለጠ ጊዜ የኅሊና ጸሎትን ተወች። ምክንያቷ «እንደ እኔ ያለች ኃጢአተኛ እንዴት ከእግዚአብሔር ጋር በቅርብ ትነጋገራለች?» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ፣ ጸሎትን ያስተማረችው የገዛ አባቷ ሳያቋርጥ ይጸልይ ነበር። አባቷ በ1543 ሲያርፍ፣ የንስሐ አባቱ የነበረው መነኩሴ መክሮ ወደ ጸሎት መለሳት። በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ያንን መተው ሐሰተኛ ትሕትና፣ ከፈተናዎቿም ሁሉ የከፋው እንደ ነበር ትናዘዛለች።

ተመልሳም ቢሆን ወዲያው አልተሳካላትም። ለብዙ ዓመታት ለጸሎት የወሰነችው ሰዓት ቶሎ እንዲያልቅላት ትመኝ፣ የሰዓቱንም ደወል ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቅ እንደ ነበር ሳትሸሽግ ጽፋለች። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ቆየሁ። ደወል የምትጠብቀው ሴት ከገዳሙ አልወጣችም፤ እኔ ግን ሰዓት አየሁ ብዬ ወጣሁ።

ጸሎትን የአትክልት ቦታን እንደ ማጠጣት ትመስለዋለች። አንዱ ከጉድጓድ በባልዲ ይቀዳል፤ ሌላው በሚሽከረከር መቅጃ ይስባል፤ ሦስተኛው ወንዝ ጠልፎ ያጠጣል፤ በአራተኛው ግን ዝናቡ ራሱ ይወርዳል። ጀማሪው ክንዱ እስኪዝል ይቀዳል፤ አንዳንዴም ጉድጓዱ ደርቆ ይጠብቀዋል። ያኔም ድርሻው ባልዲውን ይዞ መገኘት ነው። ዝናቡ የአትክልተኛው ሥራ አይደለም፤ የጌታው ስጦታ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፈችው በሰላም ዘመን አልነበረም። በ1559 የእስፓኝ መርማሪዎች በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ የጸሎት መጻሕፍትን ከልክለዋል፤ የእርሷም የሕይወት ታሪክ በምርመራ ሥር ወድቋል። ዳሩ ግን በ1970 ጳውሎስ 6ኛ ከሴቶች የመጀመሪያዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ አድርገው ሰየሟት።

ያረፈችው በ1582 ኦክቶበር 4 ሌሊት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የጀመረው በዚያው ሌሊት ስለ ነበር፣ ማግስቱ ኦክቶበር 15 ሆነ። ደወል ስትጠብቅ ለኖረችው ሴት ዐሥር ቀን በአንድ ሌሊት አለፈላት።

እኔም ወደ ጸሎቴ ተመልሻለሁ። ዛሬም ሰዓት አያለሁ፤ ነገር ግን ደወሉ ሳይደውል አልወጣም።